ምዕራፍ 7፦ እስከ ሰባት ቤት፣ ከዚያም ወዲያ

በአገራችን የትኛውም መሥሪያ ቤት ገብታችሁ ቅጽ ብትሞሉ መጀመሪያ የምታገኙት ሦስት ባዶ ቦታዎችን ነው፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ቅጹ እዚያ ላይ ይቆማል። የቅድመ አያታችሁን ስም የሚጠይቃችሁ የለም፤ ለሥራቸው ሦስቱ ይበቃሉ።

ጋብቻ የታሰበ ዕለት ግን ሦስቱ አይበቁም። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር የሚቆጥር አዋቂ ይፈለጋል። ብዙ ጊዜ አዋቂዋ ምድጃ ዳር የተቀመጡ አንዲት ባልቴት ናቸው። «ልጁ የማን ልጅ ነው?» ብለው ይጀምራሉ። አባቱን ይጠሩላቸዋል፤ እሳቸው አያቱን ይጨምራሉ፤ ከአያቱ ወደ ቅድመ አያቱ፣ ከዚያም ወደ ምንጅላቱ ይወጣሉ። ከልጅቷም ወገን እንዲሁ ያደርጋሉ። የሁለቱ ሐረግ ከሰባት ቤት ወዲህ ከተገናኘ በወጉ መሠረት ጋብቻው ይቀራል።

ይህ ምዕራፍ በቅጹና በባልቴቷ መካከል ስላለው ልዩነት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ቅጹ ሁለት እርምጃ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ባልቴቷ ሰባት። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ብንጨምር ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ባልቴቷን «ሰባቱ ይቅርና፣ እነዚህ ሁለት ልጆች በየትኛውም ርቀት ይዛመዳሉ ወይ?» ብንላቸውስ? በ«እስከ ሰባት» እና በ«እስከ የትም» መካከል ያለው ገደል በሎጂክ በኩል ሲታይ በሁለትና በሰባት መካከል ካለው እጅግ ይሰፋል። የግራፍ የመረጃ ቋት የሚባለው ቴክኖሎጂም ዋና ሥራው ይህን ገደል መሻገር ነው።

ከሰንጠረዥ ወደ መረብ

በምዕራፍ 2 የመረጃ ቋት ማለት አብዛኛውን ጊዜ ረድፍና ዓምድ ያላቸው ሰንጠረዦች ስብስብ መሆኑን አይተናል። የዚህ አሠራር አባት ኤድጋር ኮድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የአይቢኤም ተመራማሪ ሳለ ባወጣው ጽሑፍ፣ መረጃን በሰንጠረዥ ማስቀመጥና በሎጂክ ቋንቋ መጠየቅ እንደሚቻል አሳየ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) የኮድ ሎጂክ በምዕራፍ 5 የተዋወቅነው ነው፤ «እና»፣ «ወይም»፣ «አይደለም»፣ «ሁሉም» እና «አለ» የሚሉ አምስት ቃላት ይበቁታል። ሊቃውንቱ የአንደኛ ደረጃ ሎጂክ ይሉታል።

በምዕራፍ 4 ደግሞ ኦይለር በ1736 የኮኒግስበርግን ሰባት ድልድዮች ወደ ነጥብና መስመር ሲቀይራቸው አይተናል። ያን ነጥብና መስመር ነው ግራፍ ያልነው፤ በትምህርት ቤት ደብተር ላይ ከምንስለው ወጣ ገባ መስመር ጋር ስም እንጂ ሥራ አይጋራም። የግራፍ የመረጃ ቋት የኦይለርን ሥዕል እንዳለ ያስቀምጣል። ሰው ነጥብ ነው፤ «የእገሌ ወላጅ እገሌ ነው» የሚለው መስመር ነው። መስመሩ ስም አለው፣ አቅጣጫም አለው።

ሁለቱ አቀማመጦች አንድ ዓይነት እውነት ይይዛሉ። «ልጅ» እና «ወላጅ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ያሉት ሰንጠረዥ የአንድን አገር ሕዝብ ትውልድ ሁሉ ሊይዝ ይችላል። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ መስመር ነው። እንግዲያው ችግሩ የአያያዝ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ስንጠይቅ ነው።

ሰባት ቤት ሲቆጠር

ሰንጠረዡን «የከበደ አያቶች እነማን ናቸው?» ብለን እንጠይቀው። ማሽኑ ከበደ «ልጅ» በሚለው ዓምድ ያለበትን ረድፍ ይፈልጋል፤ ወላጁን ያገኛል፤ ከዚያ ያንኑ ሰንጠረዥ እንደገና ይከፍትና ወላጁ «ልጅ» ሆኖ የተጻፈበትን ረድፍ ይፈልጋል። በሎጂክ ስንጽፈው፦ «የከበደ ወላጅ የሆነ፣ እና የዚህ ሰው ልጅ የሆነ አንድ ሰው አለ።» አንድ «አለ» ማለት አንድ መካከለኛ ሰው ማለት ነው። ለቅድመ አያት ሁለት «አለ» ያስፈልጋል። ለሰባተኛው ትውልድ ስድስት።

ጥያቄው ይረዝማል እንጂ ይጻፋል። አንድ ሰው ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ቢቆጥር፣ ዘሩ በመሀል ካልተደራረበ፣ በሰባተኛው ላይ ብቻ 128፣ በጠቅላላው ደግሞ 254 ቀደምት ይኖሩታል። ለሙሽራውና ለሙሽራይቱ 508 ስም መሆኑ ነው። ለባልቴቷ ከባድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን የዓይን ጥቅሻ ነው። የሰባት ቤት ወግ፣ ቢረዝምም፣ በኮድ ሎጂክ ውስጥ ይገባል።

አሁን ቁጥሩን አንሱት። «ከእነዚህ ሁለት ሰዎች በላይ፣ ምንም ያህል ቢርቅ፣ የጋራ የሆነ ቀደምት አለ ወይ?» ለሁለት እርምጃ አንድ «አለ»፣ ለሰባት ስድስት፤ ለማናውቀው ቁጥር ስንት እንጻፍ? ጥያቄው ከመጠየቁ በፊት ተጽፎ ማለቅ አለበት። ሐረጉ ግን የት እንደሚያልቅ የሚታወቀው ተመዞ ሲያበቃ ነው።

ቋንቋችንም ይህን ችግር ያውቀዋል። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያልን ጥቂት እንሄድና ስም ያልቅብናል። ስም ሲያልቅ «ዘር ማንዘር» ብለን በአንድ ቃል እንጠቀልለዋለን። ያቺ ቃል ምን ያህል ኃይለኛ እንደሆነች የሚገባን ሎጂክ እሷን ማጣቱን ስናይ ነው።

ችቦና ክብ

ምናልባት ብልህ ሰው በአምስቱ ቃላት ብቻ «እስከ የትም» የሚለውን የሚጽፍበት ዘዴ ይኖር ይሆን? የለም። አለመኖሩም ተረጋግጧል። በ1979 አልፍሬድ አሆና ጄፍሪ ኡልማን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፣ በኋላ በሙያው ትልቁ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት የተቀበሉ፣ የኮድ ቋንቋ ይህን ጥያቄ ፈጽሞ ሊገልጽ እንደማይችል አሳዩ። ነገሩን ያለ ሒሳብ ምልክት ማየት ይቻላል።

ጨለማ ነው። በአንድ ሰፊ ሜዳ ላይ 200 ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል፤ እያንዳንዱ በቀኙ አንድ፣ በግራው አንድ ልጅ ይዟል። ሁሉም በአንድ ትልቅ ክብ ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። መቶ መቶ ሆነው ሁለት ክብ ሠርተውም ሊሆን ይችላል። የእናንተ ሥራ የትኛው እንደሆነ መለየት ነው። የተሰጣችሁ ግን አንዲት ችቦ ናት፤ ብርሃኗ ከቆማችሁበት ልጅ በቀኝ ሰባት፣ በግራ ሰባት ልጅ ብቻ ታሳያለች።

ከአንዱ ልጅ አጠገብ ቁሙ። የሚታያችሁ 15 ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው። ወደ ሌላው ሂዱ፤ አሁንም 15 ልጆች። ሁለት መቶውንም ብታዳርሱ ያያችሁት ያው ነው። ክቡ አንድ ቢሆን 200 ጊዜ ይህንኑ ታያላችሁ፤ ሁለት ቢሆንም 200 ጊዜ ይህንኑ ታያላችሁ። መልሱ የተለያየ ሆኖ ሳለ የምታዩት አንድ ነው። ስለዚህ ልትለዩ አትችሉም።

ችቦዋን ብናተልቃትስ? ሺህ ልጅ የሚያሳይ ችቦ ስጡኝ ብትሉ፣ እኔ ደግሞ ሚሊዮን ልጆች ያሉበት ክብ እሠራላችኋለሁ። የችቦ ብርሃን ልክ እስካለው ድረስ ከብርሃኑ የሚሰፋ ክብ አይታጣም።

በ1982 ሓይም ጋይፍማን የተባለ የሎጂክ ሊቅ ያረጋገጠው ይህን ነው፦ በአንደኛ ደረጃ ሎጂክ የሚጻፍ ጥያቄ ሁሉ፣ ምንም ያህል ቢወሳሰብ፣ ልክ የተበጀለት ችቦ ነው። ጥያቄው ሲረዝም ችቦው ይተልቃል። አንዴ ተጽፎ ካለቀ ግን ርቀቱ ቁርጥ ነው፤ መረጃው ቢያድግ አብሮ አያድግም። ሰንጠረዡ የጎደለው ፍጥነት ወይም ማኅደረ ትውስታ ቢሆን ኖሮ የተሻለ ማሽን እንገዛለት ነበር። የጎደለው ግን ቃል ነው።

እርሾ

የጎደለችው ቃል ምን ትመስላለች? በሁለት አጭር ሕጎች ልጻፋት።

አንደኛ፦ የሰው ወላጅ ቀደምቱ ነው።
ሁለተኛ፦ የቀደምቱም ወላጅ ቀደምቱ ነው።

ሁለተኛዋን ሕግ ደግማችሁ አንብቧት። «ቀደምት» የሚለውን ቃል ልትፈታ መጥታ በመሀል ራሱን «ቀደምት»ን ትጠራለች። በምዕራፍ 5 ይህ ዓይነት አፈታት ክብ ስለሚሆን አይፈቀድም ብለን ነበር። እዚህ ግን ከክብነት የሚያድናት አንደኛዋ ሕግ ናት።

የእንጀራን ሊጥ አስቡ። የዛሬው ሊጥ የሚቦካው ካለፈው ቡኮ በተረፈው እርሾ ነው፤ ያለፈውም ከእሱ በፊት በነበረው። «እርሾ ከየት መጣ?» ቢባል «ከእርሾ» ነው መልሱ፤ ሆኖም ወደ ኋላ ብንሄድ ያለ እርሾ የቦካ አንድ የመጀመሪያ ሊጥ ይኖራል። አንደኛዋ ሕግ ያ የመጀመሪያ ሊጥ ናት። ሁለተኛዋ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ታቦካለች። ማሽኑ ሕጎቹን ይደጋግማል፤ ወላጆችን ያገኛል፣ አያቶችን ይጨምራል፣ ቅድመ አያቶችን ይጨምራል። አንድ ዙር ዞሮ አዲስ ስም ካላገኘ ያቆማል። መቼ እንደሚቆም ከውጭ የነገረው የለም፤ መረጃው ራሱ ነገረው።

በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች በእነዚህ ዓይነት ሕጎች ላይ የቆመ ዳታሎግ የሚባል የመጠየቂያ ቋንቋ አጎለበቱ። የሰንጠረዦች ዋና ቋንቋ የሆነው ኤስኪውኤልም በ1999 በወጣው እትሙ ራሱን የሚጠራ ጥያቄ ጨመረ። ስለዚህ ዛሬ ሰንጠረዥ ይህን ፈጽሞ አይችልም ማለት ሐሰት ነው፤ ይችላል፣ እንደ ተጨማሪ ዕቃ በኋላ ተለጥፎለት ነው እንጂ። የግራፍ የመረጃ ቋት ግን ከመጀመሪያው በዚህች ቃል ዙሪያ የተሠራ ነው። አጻጻፉም አጥሯል፤ ከመስመሩ ስም ጎን አንዲት የኮከብ ምልክት ትቀመጣለች። «ወላጅ» ማለት አንድ እርምጃ ነው፤ «ወላጅ ኮከብ» ማለት የፈለገውን ያህል እርምጃ ነው፣ ዜሮን ጨምሮ። ምልክቷን በ1950ዎቹ የፈጠራት አሜሪካዊው የሎጂክ ሊቅ ስቲቨን ክሌይኒ ነው፤ በስሙም ትጠራለች።

ኮከቧ የቅንጦት እንዳልሆነች የፓናማ ሰነዶች ጉዳይ ያሳያል። በ2016 ዓለም አቀፉ የምርመራ ጋዜጠኞች ኅብረት ከአንድ የፓናማ የሕግ ቢሮ የወጡ 11.5 ሚሊዮን ሰነዶችን ይዞ ከ214,000 በላይ የባሕር ማዶ ተቋማትን መረመረ። መረቡን ለመመርመር ከተጠቀመባቸው መሣሪያዎች አንዱ ኒዮፎርጄ የተባለው የግራፍ የመረጃ ቋት ነበር። እዚያ የሚፈለገው የባለቤትነት ሐረግ ነው፤ ይህን ኩባንያ የያዘው ያ ኩባንያ፣ ያንን የያዘው ሌላ ኩባንያ፣ መጨረሻው ላይ አንድ ሰው። የጋብቻውን ሰባት ቤት የወሰነው ወግ ነው፤ ወጉን ሁለቱም ወገን ያከብሩታል። ሀብቱን የሚሸሽግ ሰው ግን ወግ የለውም። መርማሪው ሰባት ቤት ቆጥሮ እንደሚያቆም ካወቀ ስምንተኛ ቤት ይሠራል።

ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች

እስካሁን አንድ ዓይነት መስመር ብቻ ነበረን። እውነተኛ መረብ ግን ብዙ ዓይነት መስመር አለው፤ ኮከቧም ሙሉ ጉልበቷን የምታሳየው ያኔ ነው። ከታሪካችን አንድ ትንሽ መረብ በወረቀት ጥግ ላይ እንሳል።

ከላይ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አሉ። ከእሳቸው ሁለት መስመር ይወርዳል፤ አንዱ ወደ ኃይለ መለኮት፣ አንዱ ወደ ተናኘወርቅ። ከኃይለ መለኮት ምኒልክ፣ ከምኒልክ ሸዋረጋ ይወርዳሉ። ሸዋረጋ የወሎውን ራስ ሚካኤልን አግብተው ኢያሱን ወለዱ። በሌላው ወገን ከተናኘወርቅ ራስ መኮንን፣ ከመኮንን ተፈሪ፣ ማለትም የኋላው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ። ራስ ሚካኤል ደግሞ ስኂን የምትባል ሌላ ልጅ ነበረቻቸው፤ የስኂን ልጅ መነን ተፈሪን አገቡ። አሥራ አንድ ነጥብ፣ አሥር የወላጅነትና ሁለት የጋብቻ መስመር ሆነ።

አሁን «ተፈሪና ኢያሱን የሚያገናኘው አጭሩ መንገድ የቱ ነው?» ብለን እንጠይቅ። ማሽኑ በጋብቻ በኩል ይሄዳል፤ ከተፈሪ ወደ ባለቤታቸው መነን፣ ከመነን ወደ እናታቸው ስኂን፣ ከስኂን ወደ ሚካኤል፣ ከሚካኤል ወደ ኢያሱ። አራት መስመር። ኢያሱ ለመነን የእናታቸው ወንድም፣ አጎት ናቸው ማለት ነው። መልሱ ትክክል ነው፤ የሥጋ ዝምድና ለፈለገ ሰው ግን ምንም አልመለሰለትም።

ስለዚህ የመንገዱን ርዝመት ትተን ቅርጹን እንናገር። የሥጋ ዝምድና ቅርጽ አለው፤ ከአንዱ ሰው ተነስቶ በወላጅ መስመር ወደ ላይ ይወጣል፣ የጋራው ቀደምት ላይ ሲደርስ ይዞርና ወደ ታች ይወርዳል። በኮከብ ስንጽፈው «ወላጅ ኮከብ፣ ከዚያ ልጅ ኮከብ» ብቻ ነው። በዚህ ቅርጽ ከተፈሪ ሦስት መስመር ወደ ሣህለ ሥላሴ ወጥተን፣ አራት መስመር ወደ ኢያሱ እንወርዳለን። ሰባት መስመር፣ ጋብቻ ያልገባበት።

ቅርጹን ብንገለብጠውስ? «መጀመሪያ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ላይ» ብንል ከምኒልክ ወደ ሸዋረጋ፣ ከሸዋረጋ ወደ ኢያሱ ወርደን ወደ ራስ ሚካኤል እንወጣለን። ሐረጉ እውነተኛ ነው፤ የሚናገረው ግን ሁለቱ ሰዎች በአንድ ልጅ መገናኘታቸውን እንጂ ከአንድ ደም መምጣታቸውን አይደለም። ያው መስመር፣ ያው ነጥብ፤ ቅደም ተከተሉ ሲለወጥ የሥጋው ዘመድ ወደ አማች ተለወጠ። መንገድን በቅርጹ መጠየቅ የሚለውን ሐሳብ በ1987 ኢዛቤል ክሩዝ፣ አልቤርቶ ሜንደልዞንና ፒተር ዉድ አቀረቡት፤ ዛሬ ያሉት ብዙዎቹ የግራፍ ቋንቋዎች የእሱ ልጆች ናቸው። ከእነሱ አንዱ የሆነው ጂኪውኤል በሚያዝያ 2024 ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥቶለታል፤ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ኤስኪውኤልን በ1987 ካጸደቀ ወዲህ ለመረጃ ቋት አዲስ ቋንቋ ሲያጸድቅ ይህ የመጀመሪያው ነው።

መረቡን ከመተዋችን በፊት አንድ ነገር፦ ኢያሱ በ1916 ከሥልጣን ሲወርዱ አልጋ ወራሽ የተባሉት ተፈሪ ነበሩ። ግራፍ ሐረግ ይነግረናል፤ በሐረጉ ጫፎች ያሉ ሰዎች እንዴት እንደሚተያዩ አይነግረንም።

መርዶና ድልድይ

«እስከ የትም ሂድ» የተባለ ማሽን እዚያው ሲዞር አይቀርም ወይ? በትውልድ መረብ ማንም የራሱ ቅድመ አያት ስለማይሆን ቀስት ተከትለን ብንወጣ ክብ አይገጥመንም። በኩባንያዎች መረብ ግን አንዱ ሌላውን፣ ሌላው መልሶ አንዱን ሊይዝ ይችላል።

መፍትሔው ለቅሶ በመንደር ከሚሰማበት መንገድ አይለይም። መጀመሪያ የሰማው ለጎረቤቶቹ ይናገራል፤ እነሱም ለጎረቤቶቻቸው። ወሬው ዞሮ ወደ ሰማ ሰው ሲመጣ «ሰምቻለሁ» ይላል፤ እንደገና ለመንገር አይነሳም። በአንድ ቤት አንድ ጊዜ፤ ስለዚህ መንደሩ ምንም ያህል ቢጠላለፍ ወሬው ያልቃል። ማሽኑም በደረሰበት ነጥብ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ምልክት ካለበት አይገባም። ድካሙ በመስመሮቹ ብዛት ልክ ነው።

ይህ ብልሃት የሚሠራው ግን «መንገድ አለ ወይ?» ብለን ስንጠይቅ ብቻ ነው። «ስንት መንገድ አለ?» ካልን ምልክቱ አይረዳንም፤ ወደ አንድ ነጥብ በሌላ መንገድ ዳግም መድረስም መቆጠር አለበትና። ወደ ኦይለር ድልድዮች እንመለስ። በሁለት ከተሞች መካከል 30 ወንዞች ቢኖሩ፣ በእያንዳንዱም ላይ ሁለት ድልድይ ቢኖር፣ ድልድዮቹ በጠቅላላው 60 ናቸው። «መድረስ ይቻላል ወይ?» ለሚለው ስልሳውን ማየት ይበቃል። መንገዶቹ ግን በእያንዳንዱ ወንዝ በእጥፍ ስለሚበዙ 1,073,741,824 ይሆናሉ። በሰከንድ አንድ መንገድ ብንቆጥር ሌሊትና ቀን ሳናርፍ 34 ዓመት ይፈጅብናል።

ይህ የመጽሐፍ ጨዋታ አይደለም። ዳብልዩ ሦስት ሲ የተባለው የድረ ገጽ ደረጃዎች ኅብረት ስፓርክል ለተባለው የግራፍ ቋንቋ አዲስ እትም ሲያዘጋጅ፣ ኮከብ ያለባቸው ጥያቄዎች መንገዶቹን እንዲቆጥሩ በረቂቁ ደንግጎ ነበር። በ2012 አሬናስ፣ ኮንካና ፔሬስ የተባሉ የቺሊ ተመራማሪዎች ይህ ምን እንደሚያስከትል አሰሉ። ጥቂት ነጥቦች ባሉት መረብ ላይ እንኳ መልሱ ከዮታባይት ሊያልፍ እንደሚችል አሳዩ፤ ዮታባይት አንድ ብለን 24 ዜሮ ስናስከትል የሚገኘው የባይት ብዛት ነው። ኅብረቱም ድንጋጌውን ቀየረ። በ2013 የጸደቀው እትም ለኮከብ ጥያቄ መንገድ መኖሩን ይመልሳል፤ ብዛቱን አይቆጥርም። «ይዛመዳሉ ወይ?» ከሚለው ወደ «በስንት በኩል ይዛመዳሉ?» ወደሚለው ማለፍ ለሰው የአንድ ቃል ለውጥ ነው፤ ለማሽኑ ግን ከሚያልቅ ሥራ በተግባር ወደማያልቅ ሥራ መሻገር ሊሆን ይችላል።

አይገናኙም ሲባል

አሁን ኮከቧ በእጃችን ናት፤ ጥያቄያችን ቁጥር አይገድበውም። የመልሱ ክብደት ግን በሁለቱም በኩል እኩል አይደለም።

ማሽኑ «ይዛመዳሉ» ሲል ማስረጃውን አብሮ ያቀርባል። ሐረጉ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ማንም ሰው ከስም ወደ ስም በጣቱ እየተከተለ ሊያረጋግጠው ይችላል፣ ሰባት መስመር ቢሆን ሰባቱን፣ ሰባ ቢሆን ሰባውን። «አይዛመዱም» ሲል ግን የሚያሳየው ነገር የለውም። ያለው ሁሉንም ፈልጌ አላገኘሁም የሚል ቃል ነው። የመዘገብነው ሁሉ ያለው ሁሉ ከሆነ ይህ ቃል ይበቃል። ሬይመንድ ራይተር የተባለ ካናዳዊ ሊቅ በ1978 ይህን ግምት የተዘጋ ዓለም ግምት አለው። የአውሮፕላን ትኬት መዝገብ የተዘጋ ዓለም ነው፤ ስምህ ከሌለ ወንበር የለህም። የትውልድ መዝገብ ግን ክፍት ነው። በ2012 የተጀመረውና ማንም በነፃ ሊጠይቀው የሚችለው ዊኪዳታ የብዙ ነገሥታትን ወላጆች ይዟል፤ ከእነሱ ጋር በአንድ ዘመን የኖሩትን የአብዛኞቹን ገበሬዎች ግን አልያዘም። ስለዚህ አንዲት ያልተመዘገበች ቅድመ አያት ሁለት ቤተሰቦችን «አይዛመዱም» ልታሰኝ ትችላለች። ኮከቧ የጥያቄውን ወሰን አነሳች እንጂ የዕውቀታችንን ወሰን አላነሳችም። በመረጃ ቋት ውስጥ «ሐሰት» እና «ያልታወቀ» እንዴት እንደሚለዩ የሚቀጥለው ምዕራፍ ሥራ ነው።

ምድጃ ዳር ያሉት ባልቴት ይህን ከራይተር በፊት ያውቁታል። ሐረጉን አግኝተው «ይዛመዳሉ» ሲሉ ነገሩ ቁርጥ ነው፤ የቀደምቱን ስም ጠርተው፣ ልጆቹን በሁለቱም ወገን አውርደው፣ ጋብቻውን ያስቀራሉ። ሐረጉን ሲያጡ ግን አነጋገራቸው ይለወጣል። ጥቂት ያስባሉ፣ አንድ ሁለት ስም ለራሳቸው ያጉተመትማሉ፣ ከዚያ «እኔ እስከማውቀው አይገናኙም» ይላሉ።